ፍሙን ማን አስገባው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ስለነበር ድምፅዋን ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ወደ ጓዳ ገባሁ። እንግዳ ጠርታ ኖሮ ድፎ ዳቦ ልትጋግር ሊጥ አቡክታለች። "እማዬ፣ ሊጡ አልነሳ አለኝ እኮ" አለችኝ። "ቤቱ በረዶ ሆኗል። መብራትም ጠፍቷል። ከሰል አቀጣጥዬ አጠገቡ ላድርግና በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ብዘጋው አይሻልም?"

ምን ብዬ እንደመለስኩላት በደንብ አላስታውስም። "አውጪው! አሁኑኑ አውጪው!" እያልኩ ስጮህ ባለቤቴ ሰምቶ እባብ ያየሁ መስሎት ከዘራውን ይዞ መጣ። ልጄም ደንግጣ "እማዬ ምን ሆንሽ? ገና መች አቀጣጠልኩትና!" አለች። ከሰል ያለበትን ቤት ዘግተሽ እንዳትቀመጪ፣ ሊጡ ካልተነሳም ለነገ ይደር ብዬ አስምዬያት ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ያስጮኸኝን ያን የልጅነት ቀን ለልጆቼ አንድም ጊዜ አውርቼላቸው አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ለተማሪዎቼም አልነገርኩም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜውም አለኝ፤ ልጻፈው።

በእኛ በመካነ ሰላም ዳቦ እንደየቀኑ ነው። የገብስ ቂጣ የችኩል ቀን ነው፤ በርበሬና ቅቤ ቀባ ቀባ አድርገው ቆመው ይበሉታል። የፉርኖ ዳቦ የመንግሥት ሠራተኛ ቁርስ ነበር፤ እኛ ልጆች የምናገኘው ቤታችን አስተማሪ ወይም የቢሮ ሰው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ሙልሙል የቡሄ ነው፤ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ሲጋግሩት ለእኛም ይደርሰናል፤ ትኩሱን ከሁለት ገምሶ እንፋሎቱን በአፍንጫ መሳብ እኔ ከመብላቱ እኩል እወደው ነበር። ድፎ ግን የክብር ቀን ዳቦ ነው። ለሠርግ፣ ለመውሊድ፣ ልጅ ቁርአን ቀርቶ ጨርሶ ሲያኸትም፣ ትልቅ ሰው ቤት ሲመጣ። በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከሥርም ከላይም እሳት ተደርጎለት፣ ጥቁር አዝሙዱ ሰፈሩን እስኪያውደው የሚጠበቅ ዳቦ ነው። ጥሩ ድፎ የጋገረች ልጅ ስሟ በአንድ ቀን ገበያ ይደርሳል። ያልተነሳ ዳቦ ያቀረበችም እንደዚያው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሸህ ይማም ቁርአን የሚያስቀሩ ሰው ናቸው፤ ከሩቅ ከቅርብ የመጡ ደረሳዎች መስጊዱ አጠገብ ጎጆ ሠርተው ከእሳቸው ይማሩ ነበር። ረመዳን በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ዋለ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው። እናቴ ከድጃ ወንድሜን ሰይድን ከተገላገለች ገና አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። አራስ ስለሆነች የቤቱ ሥራ ሁሉ እኔ ላይ ወድቋል። በዚህ መሀል አባዬ ከሁለት ቀን በፊት "ከወግዲ መምህሬ ይመጣሉ" አሉን። በልጅነታቸው ያስተማሯቸው ሸህ ናቸው፤ እድሜያቸው ገፍቷል፤ በዚያ ዝናብ በበቅሎ መንገድ የሚወጡት ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩዋቸው ነው። ፍጡር፣ የጾሙን መፍቻ፣ እኛ ቤት ከደረሳዎቹ ጋር ሊያደርጉ ነው።

"ድፎ ሳይኖር አይሆንም" አለች እናቴ ከአልጋዋ ሆና። "ሐዋ፣ አንቺ ነሽ የምትጋግሪው። ሊጡን ግን አታስቸኩይው፤ ዳቦ የሚቸኩል ሰው አይወድም።"

ብቻዬን ድፎ ጋግሬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አስካለን ጠራኋት። አስካለ አጥር የምንዋሰናት የእትየ በለጡ ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ። የእናቷ እጅ በድፎ የታወቀ ነበር፤ አስካለም ከእናቷ ሥር ሆና ብዙ አይታለች። እነሱም ፍልሰታን ይጾሙ ስለነበር ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን ነበርን። ሌሊት ላይ አቡክተነው ያደረውን ሊጥ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስንገልጠው እንዳቦካነው ቁጭ ብሏል። ጣቴን ባስገባበት ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ኩሽናችን ከቤት የተለየ የጭቃ ጎጆ ነው፤ ጣራው ያፈሳል፤ በሩም አይገጥም፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በዚያ ብርድ ሊጡ ሊነሳ አይችልም።

"ትንሽ እንጠብቀው" አለች አስካለ።

አራት ሰዓት ሆነ። አልተነሳም። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሊጡን ደግሜ ገለጥኩት። እንግዳው ሲቀርቡ፣ አባዬ ቢስሚላህ ብለው ሲቆርሱት፣ እንደ ድንጋይ የደደረ ዳቦ እጃቸው ላይ ሲቀር ታየኝ። "ቤት እናስገባውና ፍም እናድርግለት" አልኩ።

"እናትሽ ያለችበት?"

"እሷ ጓዳ ናት። ለእሷም ይሞቃታል።"

አስካለ ፍሙን አየችው። "እናቴ ፍም ውጭ ነፍሶበት፣ አመድ ለብሶ ነው የሚገባው ትላለች። ደግሞ በር አይዘጋበትም።"

"ጭስ የለው ምን የለው! ጥርት ያለ ፍም እኮ ነው። በር ከተከፈተማ ምን ዋጋ አለው? ለአራስም ብርድ ነው።"

የከሰሉን ምድጃ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ከሰል ጨምሬ ያራገብኩትም እኔ ነኝ። ቡሃቃውን በሁለት እጇ ተሸክማ ከኋላዬ የገባችው አስካለ ናት። እናቴና ሕፃኑ በጓዳው ተኝተዋል፤ መሀሉን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። የሳሎኑን መስኮት ቀረቀርኩ። በበሩ ሥር ነፋስ ሲገባ አሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ቤቱ ወዲያው ሞቀ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊጡ ጠርዝ ጠርዙን ፊኛ ሲያወጣ ስናይ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግንባሬን ይወጋኝ ጀምሮ ነበር። ጾሙ ነው አልኩ። አስካለም "እኔንም ራሴን ያዞረኛል፤ ዛሬስ ቅዳሴው እስኪወጣ አልደርስም" ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

ኮባ አልቆረጥንም ነበር። ኮባ ያለው ከገበያው በታች አክስቴ ግቢ ነው። ሻሼን አሠርኩና "አንቺ ሊጡን ጠብቂ፤ በሩን እንዳትከፍቺው፤ ይወርድብናል" አልኳት። ስወጣ ጆንያውን መልሳ ስትወትፈው ከበሩ ማዶ ሰማሁ።

ውጭው አየር ፊቴን ሲመታኝ ራስ ምታቱ እንደ ሻሽ ተገፍፎ ሄደ። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም። ኮባውን ቆርጬ አራት ትልልቅ ቅጠል ተሸክሜ ስመለስ በረዶ ወረደ። እንደ ባቄላ ያለ በረዶ ነው፤ ቅጠሉን እንዳይበጣጥስብኝ ብዬ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ባለሱቁ በርጩማ ሰጠኝና "የሸሁ ልጅ፣ ቁጭ በይ፤ ይኼ እንኳ አሁን አያባራም" አለኝ። ተቀመጥኩ። ዳቦዬን እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ በረዶው ወደ ዝናብ ሲለወጥ መንገዱ ነጭ ሆኖ ነበር።

ቤት ስደርስ በሩን መታሁ። "አስካለ፣ ክፈቺ!" መልስ የለም። ገፋሁት፤ ጆንያው ያዘው። ተናደድኩ፤ እንቅልፍ ወስዷት ሊጡ ፈሶ ይሆናል ብዬ ነው። በትከሻዬ ገፍቼ ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መጀመሪያ ያየሁት ሊጡን ነበር። እንደዚያ የተነሳ ሊጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ የተሸፈነበትን ነጠላ ወደ ላይ ሰቅሎ ከቡሃቃው አፍ አልፏል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ አስካለን አየኋት፤ ሰሌኑ ላይ በጎኗ ተጋድማ አንድ እጇ የቡሃቃውን ጠርዝ እንደያዘ ነው።

"አንቺ፣ ተነሽ እንጂ!" አልኳት።

አልተነሳችም። ያን ጊዜ የቤቱ ጸጥታ ተሰማኝ። ሰይድ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ያለቅስ ነበር። "እማዬ!" አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ምንም የለም። አስካለ መንገዴ ላይ ነበረች። ተራምጃት አለፍኩ።

እናቴ ዓይኗ ግማሹ ተከፍቷል፤ ታየኛለች፤ ግን እንደማታውቀኝ ነው። አፏን አንቀሳቀሰች፤ ቃል አልወጣትም። ሕፃኑ ጎኗ ላይ ነው። አንስቼው ስወጣ አንገቱ ክንዴ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዘንበል አለ። ጣራው ሥር ቆሜ ፊቱ ላይ እፍ አልኩበት። ጠራሁት። ያ አላህ፣ ያ አላህ እላለሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ግንባሩ ላይ ጠብ አለ። አነጠሰ። ከዚያ እንደ ድመት ልጅ ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ ከዚያም አለቀሰ። ልቅሶው እየበረታ ሲሄድ ድረሱልኝ እያልኩ ጮህኩ።

በግቢው በር የምታልፍ አንዲት ሴት ጩኸቴን ሰምታ ገባች። ሕፃኑን ሰጠኋት፤ ተመለስኩ። እናቴን በጋቢዋ ጠቅልዬ ከአልጋው አወረድኳት፤ እየጎተትኩ፣ እየወደቅኩ አወጣኋት። ስትጎተት አስካለን ነካቻት። ከእናቴ በኋላ ነው ወደ አስካለ የተመለስኩት። ያን ጊዜ ደግሞ እትየ በለጡ በአጥሩ ዘለው ደርሰው ነበር፤ ልጃቸውን ከእኔ ቀድመው አቅፈው አነሷት። ከንፈሯ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን እንደ አመድ ነው። ዝናቡ ላይ ሲያስተኟት ዝናቡ በተከፈተ ዓይኗ ላይ ይወርዳል፤ አታርገበግብም።

"ልጄን! ኧረ የሰው ያለህ፣ ልጄን!"

ሰው ተሰበሰበ። ቃሬዛ ተሠራላት፤ በዚያ ጭቃ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እትየ በለጡ ጫማቸውን ጥለው ተከተሏቸው። እናቴን ጎረቤት ቤት አስገቧት፤ ጭንቅላቴ ተሰነጠቀ እያለች ታስመልሳለች፤ ልጇን ሲሰጧት ግን ትይዘዋለች። ምድጃውን ማን እንዳወጣው አላየሁም። ዝናቡ ላይ ተቀምጦ ፍሙ ሲንሿሿ አየሁት።

አባዬ የመጡት ያኔ ነው። መምህራቸውን ለመቀበል እስከ ከተማው ዳርቻ ሄደው ነበር፤ ወሬው መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሽማግሌውን ከደረሳዎቹ ጋር ትተው ሮጠው ነው የደረሱት። አባቴ ሲሮጡ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴን አዩ፤ ሕፃኑን አዩ፤ አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ዞሩ። ዙሪያውን ሴቶች ቆመዋል።

"ፍሙን ወደ ቤት ያስገባው ማነው?"

አባዬ አይማቱም፤ አይሳደቡም። ዝምታቸው ግን ከዱላ ይከብዳል። "እኔ ኮባ ልቆርጥ ወጥቼ ነበር፤ ውስጥ የነበረችው አስካለ ናት" አልኩ።

ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። ኮባ ልቆርጥ ወጥቼ ነበር። ውስጥ የነበረችው አስካለ ናት። አንዲት ሴት "ወይ ጉድ፣ ይኼን ነበር የፈራሁት!" ብላ ራሷን ያዘች። አባዬ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ሴቶቹም ወሬውን ይዘው ወደየቤታቸው ተበተኑ።

እንግዳውን መልሶ መላክ አይቻልም። ሴቶቹ የተነሳውን ሊጥ እያዩ "ይኼማ አይጣልም" ብለው ኮባዬን አንጥፈው ጋገሩት። አስካለ አመሻሽ ላይ ዓይኗን ገልጣ እናቷን እንደጠራች ወሬ መጣ፤ ሁሉም እፎይ አለ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ዳቦው ቀረበ። ቅርፊቱ እንደ ወርቅ ቀልቶ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው እንግዳ አንድ ጊዜ ጎርሰው "ማሻ አላህ፣ የማን እጅ ነው?" ሲሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁ።

"የልጄ የሐዋ ነው" አሉ አባዬ።

በውኃ አፈጠርኩ። ሌላ ነገር አልወርድልኝ አለ።

በማግስቱ ወሬው ቦኖው ዘንድ ደርሶ ነበር። እንስራዬን ይዤ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች መኖሬን አላወቁም። አንደኛዋ "የበለጡ ልጅ የሸሁን ቤት በአንድ ጀምበር ልትጨርሰው ነበር አሉ" አለች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እንግዲህ ረመዳን ላይ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው የነሱን ልጅ የጠሩት?" አለች። "የነሱን" ስትል አፏ ጠመም አለ። በእኛ ሰፈር እንደዚያ ዓይነት ንግግር አልሰማሁም ነበር። አጥር ተጋርተን፣ ለለቅሶ አንድ ድንኳን ጥለን፣ ቡሄና መውሊድ ተላልከን የኖርን ሰዎች ነን። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። አሁን ነገሩ የእኔና የአስካለ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ አፌ ይበልጥ ተዘጋ። ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ እነሳለሁ፤ አባዬ ፊት ስደርስ ውኃ አቀርባለሁ፤ እወጣለሁ።

አስካለን አልጠየቅኋትም። ከጤና ጣቢያ ወጥታ አጥር ማዶ ናት፤ ስታስል ይሰማኛል። እናቴ "ሂጂ እንጂ ጓደኛሽን ጠይቂ፤ አብሽሪ በያት" ትለኛለች፤ እኔ ሥራ አለብኝ እላለሁ።

አራተኛው ቀን ቡሄ ነበር። ቀኑን ሙሉ የልጆቹ ጅራፍ ሲጮህ ዋለ። አመሻሽ ላይ፣ መግሪብ ሊል ትንሽ ሲቀረው፣ እትየ በለጡ በሌማት ሙልሙል ይዘው መጡ። ከኋላቸው አስካለ ነበረች። አራት ቀን ብቻ ነው፤ ግን ልብሷ ሰፍቷት አየሁ።

"ሸሁ፣ ለፍጡራችሁ ነው" አሉ እትየ በለጡ ሌማቱን መሬት ላይ አስቀምጠው። መቀመጥ አልፈለጉም። "ከድጃ እህቴ፣ ምን ብዬ ልለምናችሁ? ልጄ ላደረገችው ይቅር በሉን። እኔ አስተምሬያት ነበር። ፍም ያለበት ቤት አይዘጋም ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ። እሷ ደግሞ ምንም አላስታውስም ነው የምትለው። ከጠዋቱ ጀምሮ ያለው ከጭንቅላቷ ወጥቷል። ያላስታወሰች እንደሆነ ግን ጥፋቱ አይቀርም።"

"ኧረ እትየ በለጡ፣ ይቀመጡ በአላህ! ሁላችንም ተርፈን ምን ይቅርታ አለው?" አለች እናቴ። ከዚያ አስካለን አየቻት። አስካለ በር ላይ ቀርታ መሬት መሬት ታያለች። እናቴ ሰይድን ከጡቷ ነጥላ ዘረጋችላት። "ነይ ልጄ፤ ነይ ወንድምሽን ያዥው።"

አስካለ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች። "አልይዘውም" አለች። "እኔ አልይዘውም፤ እትየ። እኔ እጄ ጥሩ አይደለም።"

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እጇ ጥሩ እንዳልሆነ የምታውቀው ነገር አድርጋ ነው የተናገረችው። በእኔ ቃል ነው ያመነችው። "እኔ ነኝ" ሲል የሰማሁት ድምፅ የራሴ ነበር።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ፍሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ። መስኮቱን የዘጋሁት፣ በሩን የወተፍኩት እኔ ነኝ። አስካለ ተይ ብላኝ ነበር። እናቴ በር አይዘጋበትም ትላለች ብላኝ ነበር። በሩን እንዳትከፍቺ ያልኳትም እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ የተናገሩት እትየ በለጡ ናቸው። ድምፃቸው የሚሰማው በጭንቅ ነበር። "አራት ቀን" አሉ። "አራት ቀን ሙሉ ልጄን በምላሴ ስገርፋት! ከሞት የተረፈች ልጄን!" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። አስካለ ግን ትክ ብላ አየችኝ። የሆነ ሰው በጭጋግ ውስጥ ሲመጣ ማን እንደሆነ ለመለየት እንደሚታየው ነበር የምታየኝ። ከዚያ ዞራ ወጣች።

አዛኑ ተሰማ። ማንም እጁን ወደ ምግብ አልዘረጋም። አባዬ ውኃ አንስተው ተጎነጩ፤ ከሌማቱ አንድ ሙልሙል አንስተው ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ፤ ግማሹን ለእትየ በለጡ በእጃቸው ሰጧቸው። እሳቸው ጾማቸውን ከቀትር በኋላ ፈትተው ነበርና ተቀበሏቸው። አባዬ በልተው እስኪጨርሱ እኔን አላዩኝም። ከዚያ "ሐዋ" አሉ፤ "ነገ ጠዋት ልብስሽን ልበሺ። ወሬው በገባበት ቤት ሁሉ እውነቱም ይገባል።"

ገባ። በማግስቱ አባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ከቤት ወደ ቤት ዞርን። በጭቃው ውስጥ ከዘራቸውን እየተከሉ ይሄዳሉ። በር ላይ ሲደርሱ "አሰላሙ አለይኩም፤ ልጄ የምትለው አላት" ይላሉ፤ ከዚያ ገለል ብለው ይቆማሉ። ሙስሊሙ ቤትም፣ ክርስቲያኑ ቤትም። እኔ ያንኑ ቃል እላለሁ፦ ፍሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አስካለ ተይ ብላኝ ነበር። መጀመሪያዎቹ ቤቶች ላይ ድምፄ ይቆራረጥ ነበር። አንዳንዱ "በቃ በቃ፣ አላህ አውጥቷችኋል" ይላል፤ አንዳንዱ በሩን ይዘጋል። ቦኖው ላይ ያን ቃል የተናገረችው ሴት ቤት ስንደርስ ተናግሬ ስጨርስ አባዬ ራሳቸው ጨመሩ። "ያቺ ልጅ ከቤቴ የወጣችው በቃሬዛ ነው። ለእኔ ቤት ልትሞት ነበር። ስለ እሷ የሚነገር ካለ ይኼው ነው የሚነገረው።" ሴትዮዋ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

አስካለ ጋር ያለው ግን በዚህ አልተዘጋም። በአጥሩ ብጠራት አትመጣም። ዒድ አለፈ፤ ዘመን ተለወጠ። ሰይድን ግን እናቷ ይዘዋት መጥተው አቅፋዋለች፤ እኔ ገበያ ሄጄ ሳለሁ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አደይ አበባው አልቆ፣ እህሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከኋላዬ መጥታ እርምጃዋን ከእኔ ጋር አስተካከለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ስትገቢ መጀመሪያ ያወጣሽው ማንን ነው?"

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

"ሕፃኑን። ቀጥሎ እናቴን" አልኩ። "አንቺን ተራምጄሽ ነው የገባሁት።"

መሄዷን አላቆመችም። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። "እኔም ብሆን ሕፃኑን ነበር የማነሳው" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ስለነገርሽኝ ግን ደስ ብሎኛል" አለች። ከዚያ ስለ ሒሳቡ ፈተና ማውራት ጀመርን።

አስካለ ነርስ ሆና በወግዲ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ አሁን እሷም ጡረታ ላይ ናት። ሰይድ ጸጉሩ ሸብቷል፤ አንድ ቀን በድፎ ምክንያት ሊቀር እንደነበር ሲነግሩት ይስቃል። አባዬም፣ እናቴም፣ እትየ በለጡም ሁሉም አልፈዋል፤ አላህ ይማራቸው፤ እግዜር ይማራቸው። የተረፍነው እኛ ነን፤ የተረፈ ሰው ደግሞ የሚያወራው እሱን የሚያሳምረውን ብቻ ይሆናል። አንድ ሰው ሐሰት ሳይናገር ሊዋሽ እንደሚችል ያወቅኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ በረጅሙ ሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደዋሸሁ አልቆጠርኩም። ይህን ስጽፍ ሁለት ቦታ ላይ ብዕሬ ቆሞብኛል። አንደኛው ሊጡን አይቼ ደስ ያለኝ ቦታ ነው። ሁለተኛው የተራመድኳት ቦታ ነው። ባልጽፋቸውም ታሪኩ አይጎድልበትም ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር። ጻፍኳቸው።